ሰው አይተረተርም

ጥልፍ ሐሳብን ያሳርፋል ይላሉ። አያሳርፍም። ይህን የሚሉት ጠልፈው የማያውቁ ሰዎች ናቸው፤ ወይም ለገዛ ትራሳቸው የሚጠልፉ፣ ቢበላሽ ማንም የማይጠይቃቸው። ለሰው የሚጠልፍ አንገቱ ደርቆ፣ ዓይኑ ቀልቶ፣ ሆዱ ታስሮ ነው የሚውለው። ከሩቅ ሲያዩት ዝምታው እርጋታ ይመስላል። ዝም ያለው ግን ክሩን በጥርሱ ስለያዘ ነው።

የእጅ ሥራ ስለሚሰጠው ሰላም የሚያወሩ ብዙ መጻሕፍት አንብቤአለሁ። ከጻፏቸው ሰዎች አንዱም በደንበኛ ቀሚስ መካከል ክር አልቆበት እንደማያውቅ እጠረጥራለሁ።

ሥራ የጀመርሁት ዓባይ ማዶ፣ እትየ አስካለ ቤት ነው። እትየ አስካለ ያኔም አሁንም የጥልፍ ቤቱ ባለቤትና አለቃ ናቸው። ቤቱ ሁለት ክፍል ነው፤ የፊተኛው ደንበኛ መቀበያ፣ የኋለኛው መጥለፊያ። በሩ ላይ ቆሜ ሥራ እንደምፈልግ ስናገር ቀና ብለው እንኳ አላዩኝም። ምን ተምረሻል ቢሉኝ የምመልሰውን መንገድ ሙሉ ሳጠና ነበር የመጣሁት።

«እጅሽን አምጭ» አሉ።

ሰጠኋቸው። መዳፌን ገልብጠው በአውራ ጣታቸው ጫን አደረጉት።

«ያልብሻል።»

«ስለ ፈራሁ ነው፣ እትየ።»

«ነጭ ጨርቅ ፈርታ ነው ብሎ አይምርሽም። ያድፋል።»

ማዕረጌ የተወሰነው ያን ዕለት ነው። በእትየ አስካለ ቤት ትልቁ ወንበር በመስኮቱ ሥር ያለው ነው፤ እዚያ የሚቀመጡት የነጭ ቀሚስ ጠላፊዎች ናቸው። ከእነሱ በታች ካባና ባለ ቀለም ጨርቅ የሚሠሩ አሉ። ከሁሉ በታች የተረፈ ክር የሚለቅሙ። እኔ በክር ለቃሚነት ገባሁ፤ ወደ ካባ ከፍ አልሁ፤ እዚያው ቀረሁ። ከሃያ ዓመት በላይ ስሠራ መስኮቱ ሥር ተቀምጬ አላውቅም። መዳፌ ዛሬም ያልበዋል። መርፌዬ ከሌሎቹ ቀድሞ ይዝጋል፤ ከጎኔ አንድ ሳህን ዱቄት አይለይም፤ ጣቴን እያስነካሁ ነው የምሠራው።

መስኮቱ ሥር የምትቀመጠው የሺ ናት። የሺ እጇ ደረቅ ነው፤ ምላሷም እንደዚያው። ምሳ ሰዓት ላይ መጽሐፍ ስገልጥ ካየችበት ቀን ጀምሮ «ሊቋ» ትለኛለች። «ሊቋ፣ መጽሐፍሽ ስለ ላብ ምን ይላል?» ትላለች፣ አዲስ ደንበኛ ባለበት መርጣ።

ይህን የማወራው ለወጣት ጠላፊዎች ነው፤ ስለዚህ ወደ ሥራው ልግባ።

ሰሚራ ቤታችን የመጣችው የከተማው መውጫ መንገድ ሁሉ ከተዘጋ በኋላ ነው። የባሏ ቤተሰብ ገበያው ውስጥ የጨርቅ ሱቅ አለው፤ እኛም ከፋይና አቡጀዲ የምንገዛው ከእነሱ ነው። አንድ ከረጢት ሙሉ ቁርጥራጭ ተሸክማ ገባች፤ ሳቲን፣ ከፋይ፣ የሽፎን ጫፍ፣ የመጋረጃ ቅዳጅ፣ ከጥቅል መጨረሻ የተረፈ ሁሉ። ስልኳን አውጥታ ፎቶ አሳየችን። የአልጋ ልብስ ነው። ግን አንድም ቀጥ ያለ መስመር የለውም፤ ትልቁም ትንሹም ቁራጭ እንዳገኘ ተጋጥሟል፤ በየመጋጠሚያው ላይ ጥልፍ ሄዷል፤ መካከሉ ላይ የተረት ሥዕል ተጠልፏል።

«ይኸ ድሪቶ አይደል እንዴ?» አለች የሺ።

«ድሪቶ ነው» አለች ሰሚራ። «ግን ያማረ ድሪቶ።»

«ያማረ ድሪቶ! ባሕታዊው ሠርግ ተጠርቷል?»

እትየ አስካለ አልሳቁም። ቁርጥራጩን አንድ በአንድ በጣታቸው እያሹ «ለማን ነው?» አሉ።

«ለልጄ፣ ለሂክማ። ለአልጋዋ። መካከሉን፣ ሥዕል ያለበትን፣ እናንተ ሥሩልኝ። ዙሪያውን እኔና የባሌ እኅት እንጋጥመዋለን።»

«አባቷስ ደህና?»

«ደህና ነው። አልሐምዱሊላህ፣ ደህና ነው።»

ደህና መሆኑን አታውቅም ነበር። እኛ ይህን የሰማነው ዘግይተን ነው፤ እናንተ ግን አሁኑኑ እወቁት፣ ያለዚያ ቀጥሎ የሚመጣው ሁሉ ስለ መርፌና ክር ብቻ ይመስላችኋል። ባሏ ጀማል በአይሱዙው ሩዝ ሊጭን ወደ ወረታ ሄዶ ነበር። ሐሙሲት ከተማ ሲደርስ «ሻይ እየጠጣሁ ነው» ብሎ ደወለ። ከዚያ መንገዱ ተዘጋ፤ ስልኩም ጠፋ። አማቷ የደም ግፊት ስላለባቸው ለእሳቸው «ደውሏል፣ ደህና ነው» አለች። ለአማት የተነገረ ለጎረቤት ይነገራል፤ ለጎረቤት የተነገረ ለጠላፊ። እንዲህ እያለች ከተማው ሁሉ ባሏ ደህና መሆኑን ሲያውቅ እሷ ብቻ ሳታውቅ ቀረች።

ከቦርሳዋ ሽፋኑ የተቀደደ ቀጭን የልጆች መጽሐፍ አወጣች። አንድ ገጽ ላይ ገለጠችው፤ ከዚያ ወዲያ ያሉት ገጾች በልብስ መቆንጠጫ ታስረዋል።

«ይኸን ገጽ ነው የምፈልገው። ከዚህ በኋላ ያለውን ግን አትግለጡት።»

«ለምን?» አልሁ።

«ልጄ አትፈቅድም። ደግሞ ለሰውየው ፊት አታውጡለት። አማቴ አልጋ ላይ የሰው ፊት አይወዱም።»

እትየ አስካለ መጽሐፉን ወደ እኔ ገፉት። የሺ ቀና አላለችም። «ይገባታል» አለች፤ «ድሪቶ ላይ ላብ ማን ያያል?»

ሰሚራ እንደ ወጣች መቆንጠጫውን አነሣሁት። መጽሐፍ ከፊሉ ታስሮ ሲሰጠኝ ዝም ብዬ የምቀመጥ ሰው አይደለሁም። ተረቱ ስለ አንድ የሐይቅ ዳር ሰው ነው። እናቷ የጠፋችባት የጉማሬ ግልገል ደጁ ላይ ያገኛል፤ በታንኳው ጭኖ ሐይቁን አሻግሮ ለእናቷ ሊመልሳት ይነሣል። የታሰረው ገጽ ላይ ግልገሏን አድርሶ ባዶ ታንኳውን እየቀዘፈ ወደ ቤቱ ይመለሳል። ይኸው ነው። የጉማሬ ግልገል የጫነ የደንገል ታንኳ ከዳር ሳይርቅ እንደሚሰጥም የጣና ዳር ሕፃን ሁሉ ያውቃል። ጸሐፊው የሚያውቅ አይመስልም። እኔ ግን የታዘዝሁት ሥዕሉን እንጂ እርማቱን አልነበረም።

የዚህ ዓይነቱ ሥራ አካሄድ እንዲህ ነው። መጀመሪያ አቡጀዲ በልኩ ይቆረጣል፤ እሱ መሠረት ነው፣ ሲያልቅ አይታይም። ቁርጥራጩ ከመካከል ጀምሮ ይደረደራል፤ የአንዱ ጠርዝ በሌላው ሥር ይገባል፤ በሻካራ ክር ይያዛል። ከዚያ ሥዕሉ በካርቦን ይወርዳል፤ ከዚያ ይጠለፋል። በመጨረሻ መጋጠሚያው ሁሉ የዓሣ አጥንት በምንለው ስፌት ይሸፈናል።

ሲነገር ቀላል ነው። ቀሚስ ግን ሕግ አለው፤ ቀኙ ግራውን ይመስላል፤ ብትሳሳቺ ቆጥረሽ ታገኝዋለሽ። ድሪቶ ሕግ የለውም። ያነበብኋቸው ሰዎች ሕግ የሌለው ሥራ ነፃ ያወጣል ይላሉ። እኔን ያወጣኝ ከእንቅልፌ ነው። የከፋይ ቁራጭ አስቀምጬ አነሣለሁ፤ ወዲያ አድርጌ ወዲህ እመልሳለሁ፤ ልክ መሆኑን የሚነግረኝ ነገር የለም። ዱቄቱ ሳህን ላይ ሊጥ ሆነ።

በስተግራ ቡናማ ከፋይ አደረግሁ፤ የሰውየውን ጎጆ እዚያ ላይ ጠለፍሁ። ከመካከል እስከ ቀኝ ያለው ሳቲን ሐይቁ ሆነ። በቀኙ ጠርዝ ላይ አንድ አረንጓዴ የመጋረጃ ቁራጭ ባዶውን ቀረ፤ ሣር ቢጤ አደርግበታለሁ ብዬ ተውሁት። ታንኳው፣ ልክ እንደ መጽሐፉ፣ ጀርባውን ለጎጆው ሰጥቶ የሾለ አፍንጫውን ወደ ቀኝ አቀና።

ሰሚራ ሥራውን ልታይ በየጊዜው ትመጣ ነበር። ልታይ ትመጣለች እንጂ አታይም። ስልኳን ይዛ መስኮቱ ጥግ፣ የሺ ራስጌ ትቆማለች፤ እዚያ ጥግ አልፎ አልፎ ኔትወርክ ይገኛል።

«እቴ፣ ከላዬ ላይ ውረጅ፤ ነጭ ነው የያዝሁት» ትላታለች የሺ።

እኛ ሥራችንን ያላመነችው መስሎን ነበር። አንድ ቀን ግን ጨርቁን በእርግጥ አየችው።

«ውኃው ለምን እዚህ ጋ ቡኒ ሆነ?»

ሰማያዊው ክር አልቆብኝ ነበር። ክራችን የሚመጣው ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ ነው፤ አውቶቡሱ ደግሞ ቆሟል። ይህን ከመናገር ይልቅ መከራከር ይቀናኛል።

«ጣና በክረምት ሰማያዊ ሆኖ አይተሽው ታውቂያለሽ? ወተት የገባበት ሻይ ነው የሚመስለው።»

«ሐይቅ ሰማያዊ ነው፣ እህቴ።»

«የቱ ሐይቅ?»

«የመጽሐፉ!»

እትየ አስካለ ከወዲያኛው ክፍል «ክር የለም በያት፣ ሊቅነቱን ተይው» ብለው ተጣሩ። እውነት በክር እጥረት ያሸነፈችበትን ሌላ ጊዜ አላስታውስም። ግማሹ ሐይቅ ሰማያዊ፣ ግማሹ ጭቃ ሆኖ ቀረ። ግራጫውም እያነሰ ስለ ነበር ከጉማሬዋ ወደ ሰውየው ኩታ ጥላ ስሻገር ክሩን አልቆረጥሁትም፤ በጀርባ በኩል ወሰድሁት። ክር ሲያጥር እንዲህ ይደረጋል። አይመከርም፣ ግን ይደረጋል።

ሰውየው ያለቀ ዕለት ሰሚራ መጣች። ፊት የለውም፤ ነጭ ኩታ፣ ሁለት ክንድ፣ አንድ መቅዘፊያ። ከሠራሁት ሰው ሁሉ እሱን ወደድሁት። ጨርቁን መወጠሪያው ላይ እንዳለ አቀበልኋት። ታንኳው ላይ አፈጠጠች።

«ምነው?» አልሁ።

«የት እየሄደ ነው?»

«ማን?»

«ይኸ ሰውየ። የት እየሄደ ነው?»

«ጉማሬዋን ሊያደርስ ነዋ።»

በጣቷ ጎጆውን ነካች፤ ከዚያ የታንኳውን አፍንጫ ነካች። «ቤቱ እዚህ። አፍንጫው እዚያ። ከቤቱ እየወጣ ነው።»

«መጽሐፉ እንደዚያ ነው።»

«መጽሐፍማ ይገለጣል!» ብላ ጮኸች። የሺ መርፌዋን አቆመች። «መጽሐፍ ይገለጣል፤ ሲገለጥ ይመለሳል። ይኸ ምኑ ይገለጣል? ልጄ በየማታው ለብሳው ልትተኛ ነው፤ በየማታው ሊሄድባት ነው?»

ትክክል ነበረች። የልጆች መጽሐፍ የሚሥል ሰው ጀግናውን ወደ ገጹ ጠርዝ የሚያስኬደው ልጁ እንዲገልጥለት ነው። ጨርቅ ጠርዙ ጠርዝ ነው። ስንት መጽሐፍ አገላብጬ ይህን አላሰብሁትም ነበር።

ሰሚራ ወለሉ ላይ ተቀመጠችና ሁሉንም ነገረችን። የሐሙሲቱን ሻይ፣ የአማቷን ደም ግፊት፣ «ደህና ነው» ማለቱ እንዴት አፏ ላይ እንደ ቀረ። ጀማል መንገድ ሊወጣ ሲል ለሂክማ ይህን መጽሐፍ ያነብላታል፤ ሰውየው እስከሚነሣበት ገጽ ድረስ ብቻ። ቀሪውን ሲመለስ። ልጂቱ አሁን የቀረውን ገጽ ማንም እንዲነካ አትፈቅድም።

«ተርትሪው» አለችኝ። «ሰውየውን ተርትሪና አዙሪው።»

«ሰው አይተረተርም» አሉ እትየ አስካለ ከበሩ ላይ።

ይህ የቤታችን ልማድ ነው። አበባ ቢሳሳት፣ ወፍ ቢሳሳት፣ የወርቅ ክር ቢሳሳት እትየ አስካለ ያለ ርኅራኄ በምላጭ ይተረትራሉ፤ የእኔን ከሁሉ አብልጠው ተርትረዋል። ሰው ግን አንዴ ካለቀ ምላጭ አይነካውም። ያዘዘው ሰው ዘመድ መንገድ ላይ ከሆነማ አይታሰብም። እሳቸው ከአስተማሪያቸው ነው የወረሱት፤ አስተማሪያቸው ከማን እንደ ወረሱት አይታወቅም። እኔ ሁልጊዜ የሰነፍ ሕግ ነው እል ነበር፤ ሰው ጠልፎ መተርተር አድካሚ ስለሆነ የወጣ።

«እትየ፣ ይኸ የእናንተ ልማድ ነው» አለች ሰሚራ። «እኔ እስላም ነኝ።»

«ምላጩ ክርስትና አልተነሣም፣ ልጄ። እንች።» ምላጩን ዘረጉላት። «ራስሽ ተርትሪው። አልከለክልሽም።»

ተቀበለቻቸው። ምላጩን ወደ ኩታው አስጠጋችው። ጫፉ ክሩን ሲነካ እጇ ቀረ። ምላጩን ወለሉ ላይ አስቀመጠችው።

«አልችልም። ወላሂ አልችልም።»

የሺ ወደ እኔ ዞረች። «አንች አታምኝበትም አይደል? ሊቋ፣ ይኸውልሽ።»

አነሣሁት። በእንዲህ ዓይነት ነገር አላምንም። ጨርቅ ጨርቅ ነው፤ ወረታ መንገድ ላይ ያለ ሰው ዓባይ ማዶ በተያዘ ምላጭ አይጎዳም። ይህን ሁሉ እያወቅሁ መዳፌ ውኃ ሆነ፤ ምላጩ ከጣቴ አመለጠ። ጎንበስ ብዬ አነሣሁትና «ሳቲን ነው፤ ከተተረተረ የመርፌው ቀዳዳ ይታያል» አልሁ። እውነት ነው፤ ይታያል። ፍርሃቴን የሙያ ልብስ አለበስሁትና ምላጩን መለስሁ።

እንዲህ ያለ ዝምታ የሺ አትችልም።

«እንግዲህ ሰውየው ካልዞረ ቤቱ ይዙርለት» አለች።

ቀልዷ ነበር። እኔ ግን ጨርቁን አየሁት። ቀኙ ጠርዝ ላይ ያ አረንጓዴ የመጋረጃ ቁራጭ ባዶውን ተቀምጧል፤ የታንኳው አፍንጫ ቀጥታ ወደ እሱ ነው።

«እትየ፣ ቤት ይተረተራል?»

«ቤትማ!» አሉ። «ስንቱ ቤት ፈርሶ ስንቱ ተሠርቶ። ግን ለምን ትተረትሪዋለሽ? ከፋይ ላይ ጠባሳው አይጠፋም። ደንገል አብቅይበት።»

ያን ከሰዓት በኋላ ያህል ፈጥኜ ሠርቼ አላውቅም። የግራውን ጎጆ ከላዩ ላይ ደንገል አለበስሁት፤ ረጃጅም አገዳ፣ ጫፉ ላይ የተበተነ ጸጉር። የሺ ነጭ ቀሚሷን አጥፋ መጣችና ከግርጌው ጀመረች፤ እኔ ከላይ። መካከል ላይ ስንገናኝ ጎጆው የለም። አንድ የጣራ ጫፍ ቀርታ ነበር፤ እሷ ላይ የሺ ወፍ አሳረፈችባት።

ሰሚራ ከአጠገቤ አልተነሣችም። አረንጓዴው ላይ ጎጆ ልጀምር ስል እጄን ያዘችኝ።

«ጎጆ አይደለም። ቆርቆሮ ነው።»

«የማን?»

«የእኛ ቤት። በሩ የብረት ነው። መስኮቱ በዚህ በኩል፣ አይ፣ በዚያ በኩል። ታንከሩንም አድርጊበት፤ የውኃ ታንከሩን። ጀማል ነው የሰቀለው፤ ሲሰቅለው ሊገድለው ነበር።»

የተረት ሥዕል ላይ የውኃ ታንከር ጠለፍሁ። ከዚያ በፊት አንድ ሰው እንዲህ አድርጊ ቢለኝ ስለ ጥበብ ረጅም ንግግር ያደምጥ ነበር። አፌን ዘግቼ ሠራሁ፤ ክሩ በጥርሴ ነበር።

ቤቱ አለቀ። ጨርቁን ግድግዳው ላይ ሰቅለን ራቅ ብለን አየነው። ሰውየው ወደ ቤቱ እየመጣ ነው። አንዲት ክር አልተቆረጠችበትም። ሰሚራ ትንፋሿን ለቀቀች። እኔም ልለቅ ስል የሺ አንገቷን ዘመም አደረገች።

«ጉማሬዋስ?»

ጉማሬዋ ታንኳው አፍንጫ ላይ እንደ ተቀመጠች ነበረች። ለእናቷ ልትሰጥ ነበር የተጫነችው። አሁን ሰውየው እናቷን ትቶ፣ ግልገሏን ይዞ፣ የውኃ ታንከር ወዳለው ቤት እየመጣ ነው።

«ሂክማ አትቀበለውም» አለች ሰሚራ። ፊቷ መልሶ ጠቆረ። «ተረቱን አንድ ቃል ብናሳስትባት ታለቅሳለች። ባዶ ታንኳ ነው የሚመለሰው። ልጂቱ በቃሏ ታውቀዋለች።»

«ጉማሬ ሰው አይደለም» አሉ እትየ አስካለ። ምላጩን አንሥተው ጨርቁን ገለበጡት። ጀርባውን አይተው ቆሙ። ከዚያ እኔን አዩኝ።

«አሻግረሽዋል።»

ግራጫው ክር ከጉማሬዋ ሆድ ተነሥቶ በጀርባ በኩል ወደ ሰውየው ኩታ ገብቷል። ጉማሬዋን የቆረጠ ሰውየውን ይፈታዋል።

«ክር አልነበረም፣ እትየ።»

አልተቆጡኝም። ቢቆጡኝ ይሻል ነበር። ምላጩን በወረቀት ጠቅልለው ኪሳቸው ከተቱት። የቀረው የዓሣ አጥንቱ ብቻ ነበር፤ እሱን ስሠራ የማስበው ያችን ያላየኋትን ልጅ ነው። መሪ ተዋናይ ሲሳሳት የሚያጨበጭብ ተመልካች አይቻለሁ፤ የተረት ስሕተት የሚያልፍ ልጅ ግን አላየሁም።

በማግስቱ ሰሚራ ሂክማን ይዛት መጣች። እዚሁ ትየው፣ ካለቀሰችም እዚሁ ታልቅስ፣ አያቷ ፊት አይሁን አለች። ልጂቱ ቀጭን ናት፤ የፊት ጥርሷ ጎድሏል። ጨርቁን ጠረጴዛ ላይ ዘረጋንላት። እጆቿን ከኋላዋ አድርጋ፣ እንደ ተቆጣጣሪ፣ ከግራ ጀመረች። ደንገሉን አየች። ወፏን አየች። ሐይቁ ቡኒ ሲሆን አየች፤ ምንም አላለችም። ሰውየው ጋ ቆየች። ከዚያ ቀኝ ደረሰች።

«ቤታችን ነው።»

«አዎ» አለች እናቷ።

«ታንከሩም አለ።»

«አዎ።»

ጣቷን ወደ ኋላ መለሰችና ጉማሬዋ ላይ አኖረቻት። የሺ መርፌዋን አፏ ላይ ያዘች። እኔ መዳፌን ቀሚሴ ላይ ጠረግሁ።

«ለእኛ አመጣት?»

ቀና ብላ እናቷን አየቻት።

«እማ፣ አባ ጉማሬዋን ለእኛ አመጣት? የት ትተኛለች?»

«ታንከሩ ውስጥ» አለች የሺ።

«አይሆንም። ስታድግ አትወጣም» አለች ሂክማ፤ የሺን የነገሩ ክብደት ያልገባት ሰው አድርጋ አየቻት። «አልጋ ሥር ትሁን።»

ሰሚራ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። ይህን ጊዜ ስልኳን አልያዘችም።

ስለ ጀማል የማውቀውን ልንገራችሁ። ከጥቂት ቀን በኋላ ኔትወርክ ሲመለስ ደወለ። ወረታ ነው፤ ሩዙን ጭኖ ቆሟል፤ ሹፌሮቹ ሁሉ መኪናቸው ሥር ነው የሚተኙት። ሰሚራ እያለቀሰች ሂክማ ስልኩን ቀምታ «ጉማሬዋን አልጋ ሥር አድርገናታል» አለችው። «የቷን ጉማሬ?» ቢላት «መጥተህ እያት» ብላ ዘጋችው። መስመሩን እንደገና ለማግኘት ሰሚራ ግማሽ ቀን ደከመች።

እትየ አስካለ ይህን ሲሰሙ «አላልሁም?» አሉ። ኔትወርኩ የተመለሰው ለከተማው ሁሉ ነው፤ ምላጭ ላነሡትም ላላነሡትም ስልካቸው ጮኋል። ይህን ነገርኋቸው። «ተርትረሽው ቢሆንስ?» አሉኝ። መልስ አለኝ። አልተናገርሁትም።

ይህን ስጽፍ መንገዱ አልተከፈተም። ጀማል አልመጣም።

ከሥራው የተማርሁት ይኸን ነው። የተሳሳተ ነገር ስታዩ ምላጭ ከማንሣታችሁ በፊት ጨርቁን ገልብጡ፤ ክሩ ከምን ጋር እንደ ተያያዘ እዩ። ከፊት ለፊት የማይገናኙ ነገሮች ከጀርባ አንድ ክር ናቸው።

ይኸ ለጠላፊ ነው። ለእናንተ ለምታዝዙን ደግሞ አንድ ነገር እጠይቃለሁ። ጨርቁን ይዛችሁ ስትመጡ «ደህና ነው» አትበሉን። ማን መንገድ ላይ እንዳለ ንገሩን፣ ከዚያ መርፌ እናንሣ።